የውሰት ወላጆች

ደወሉን የደወልኩት እኔ ነኝ፤ የተያዘችው ግን ጓደኛዬ ናት። አሥረኛ ክፍል ነበርን። ቦንጋ ላይ ሰማዩ ካጉረመረመ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ደግሞ የትምህርት ቤታችን ደወል ከዋንዛው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ዘበኛው በድንጋይ ይመቱታል። የዚያን ቀን የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ የሒሳብ ፈተና ነበረን፣ እኔና ሒሳብ ደግሞ ከተኮራረፍን ሰንብተናል። ዘበኛው ከዝናቡ ሸሽተው ሲጠለሉ አየሁና ድንጋዩን አንስቼ የመውጫውን ደወል ደለቅኩት። ኧረ ጉድ ነው! ከዋጫ የመጣው፣ ከቢታ ገነት የመጣው፣ አባቱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው፣ ያ ሁሉ ተማሪ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በቀዩ ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ወደ በሩ ነጎደ። የሒሳብ መምህራችን ራሱ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሲወጣ አይቼዋለሁ።

እግሬ አውጪኝ ከማለቴ በፊት ድንጋዩን ለጓደኛዬ «ያዢልኝ» ብዬ ሰጠኋት። እሷ ደግሞ ያዢ ካሏት ትይዛለች። ዘበኛው ሲደርሱ ድንጋዩን በሁለት እጇ አቅፋ ዛፉ ሥር ቆማ ነበር።

ጓደኛዬ ከደካ አልፎ ካለ ገጠር የመጣች፣ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። አባቷ በየገበያው ቀን ቆጮና ሙዝ በአይሱዙ ይልኩላታል። መጀመሪያ ሲሸኟት አንድ ቃል ተናግረዋል፤ «ትምህርት ቤቱ እኔን ያስጠራ ቀን ትምህርትሽ አለቀ።» ቀልድ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ እዚሁ ሲማር ሦስት ጊዜ አስጠርቷቸው፣ በሦስተኛው ከነሻንጣው ጭነውት ገብተዋል። ዛሬ ከብት ይጠብቃል።

ዩኒት ሊደራችን «ማን ነው የደወለው?» ቢላት «እኔ እንጃ» አለች። ቢቆጣትም «እኔ እንጃ» አለች። በመጨረሻ «ነገ እናትሽን ወይም አባትሽን ሳትይዢ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ» ብሎ ሸኛት። ቤት ስንገባ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰደበችኝም። ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣዋ ውስጥ መክተት ጀመረች። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

እንግዲህ ቦንጋ ውስጥ ወላጅ መዋስ አዲስ ነገር አይደለም። ወላጁ ሩቅ የሆነ ተማሪ አከራዩን ወይም ሰፈሩ ያለውን ልብስ ሰፊ ይዞ ይሄዳል። ጥሩ የውሰት ወላጅ ሁለት ነገር ይችላል፤ ቢሮ ሲገባ ማዘን፣ ሲወጣ ልጁን በጥፊ ማላስ። እኔም ወደ እናቴ ሄድኩ። እናቴ ገበያ ላይ ኮረሪማና ጥምዝ የምትሸጥ፣ እንኳን ዩኒት ሊደር ዳኛ የማያስፈራት ሴት ናት።

«ሞኝሽን ፈልጊ!» አለችኝ። «ለመሆኑ ያቺ ጨዋ ልጅ ደወል ደወለች?»

«አዎ።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ በተከፈተው በር ጓደኛዬንና ሻንጣዋን አየች። «ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

ጠዋት የጎረቤት ጋቢ ለብሳ፣ የአጎቴን ቦቲ ጫማ አድርጋ ብቅ አለች። «አማርኛ አልናገርም» አለችን፤ «አማርኛ ከጀመርኩ ምላሴ አያርፍም፤ ያጋልጠኛል። በካፊኖኖ ብቻ ነው የማወራው።» ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ዩኒት ሊደራችን ከወሎ ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ከቋንቋችን ከሰላምታ አያልፍም። እነሱ ቢሮ ሲገቡ እኔ ከውጭ በመስኮት አጮልቄ ልሰማ ቆምኩ።

ጓደኛዬ ላስተርጉም ብትለው «ተከሳሽ አስተርጓሚ አይሆንም!» ብሎ ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ክፍላችንን ስለማያስተምር አያውቀኝም።

«አንቺ፣ መስኮቱ ጋ ያለሽው! ካፊኖኖ ትችያለሽ?»

ገባሁ።

«ንገሪያቸው» አለኝ። «ልጃቸው ጨዋ እንደሆነች አውቃለሁ። ዘበኛው ሌላ ልጅ ስትሮጥ አይተዋል። ይቺን ልጅ የምታበላሻት አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ናት። ባለፈው ወር ለቤተ ሙከራ ያመጣኋቸውን እንቁራሪቶች በመስኮት የለቀቀችውም እሷ ናት ይባላል። ምን ዓይነት እናት እንዳሳደገቻት እንጃ!»

ወደ እናቴ ዞርኩና «ልጅሽ ጨዋ ናት ይላል» አልኳት በካፊኖኖ።

«የእንቁራሪቱንም ተርጉሚ እንጂ» አለችኝ እናቴ በዚያው ቋንቋ፣ ፊቷ ላይ ያለው ሐዘን ሳይነቃነቅ። «ደግሞም የዚያችን ልጅ እናት አውቃታለሁ በይው። ምስኪን ሴት ናት። ጎረቤት ሁሉ ልጅሽ እሳት የላሰች ናት ሲላት ምርቃት ይመስላት ነበር። ቆይ ብቻ፣ ቤት እንገናኝ!»

«አመሰግናለሁ ይላሉ» አልኩት።

«ይህን ሁሉ ተናግረው አመሰግናለሁ ብቻ?»

«ካፊኖኖ ረጅም ነው፣ ቲቸር።»

ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ነበር። ዩኒት ሊደሩ «ይቅር ብያለሁ» ሊል እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነበር። በሩ ተንኳኳና የጓደኛዬ አባት ገቡ። የውሰት ሳይሆኑ የራሷ፣ እውነተኛው። ለካ የዚያን ቀን ከቆጮው ጋር እሳቸውም አይሱዙው ላይ ተሳፍረው መጥተዋል። ቤታችን ተቆልፎ ሲያገኙት ወደ ትምህርት ቤት መጡ፤ ዘበኛው ደግሞ «ልጅዎ እዚያ ቢሮ ናት» ብለው ጠቆሟቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ልጃቸውን አዩ። ከዚያ እናቴን አዩ፤ ከቦቲ ጫማዋ ጀምረው ወደ ላይ።

«እርስዎ ደግሞ የማን ወላጅ ነዎት?» አለ ዩኒት ሊደሩ።

ጓደኛዬ አመድ መሰለች። እናቴ፣ ያቺ ገበያ የምታናውጥ ሴት፣ ጋቢዋን አፏ ላይ ያዘች። ሰውዬው ልጃቸው ተከሳ መቆሟን ካወቁ ሻንጣው ዝግጁ ነው፤ ልብሱ እንኳ ተጣጥፎ አልቋል። የምናገረው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አስተርጓሚዋ።

«የእኔ አባት ናቸው» አልኩ። አባቴ ገና ዳዴ ስል ነው የሞተው፤ ቃሉ አፌ ውስጥ እንግዳ ሆነብኝ። «የሮጠችውም ልጅ እኔ ነኝ፣ ቲቸር። ደወሉን የደወልኩት እኔ ነኝ።»

ዩኒት ሊደሩ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባዶውን መስኮት አየ። ከዚያ ወደ «አባቴ» ዞሮ ጀመረ።

«ልጅዎ ዱርዬ ናት!»

«ልጅዎ ጎበዝ ናት ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። ሰውዬው ከኛ ጋር ሁልጊዜ በካፊኖኖ ነው የሚያወሩት፤ አንድም ቀን አማርኛ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ትምህርት ቤቱን በሙሉ በዝናብ አስወጥታ በትናለች!»

«ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃታል ይላል።»

«እንቁራሪቶቼን ጨርሳብኛለች!»

«በባዮሎጂ በጣም ትሳተፋለች።»

ሰውዬው በእያንዳንዱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በከንፈራቸው ጥግ ፈገግ ይላሉ። ዩኒት ሊደሩ ጠረጴዛውን መታ። «ምንድን ነው የሚያስቃቸው?»

«ሲናደዱ እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው፣ ቲቸር።»

ከኋላዬ የእናቴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ዩኒት ሊደሩ የምታለቅስ መስሎት «አይዞዎት እናቴ» አላት። ቀጥሎ በጣቱ ወደ ጓደኛዬ አመለከተ፤ ድምፁም ለዘብ አለ።

«ይቺን ልጅ ይዩልኝ። ከትናንት ጀምሮ ስጠይቃት የጓደኛዋን ስም አላወጣችም፤ ልትባረር እንደምትችል እያወቀች። ውጤቷን አስመጥቼ አየሁት፤ ከክፍሏ አንደኛ ናት። የእሷ አባት ብሆን እንዴት በኮራሁ! ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው።»

ይህንን ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሰውዬው ፈገግታቸውን ተዉና ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ወለሉን አዩ። ጓደኛዬ በነጻ ተለቀቀች። እኔ አንድ ወር ሽንት ቤት እንዳጸዳ ተፈረደብኝ፤ ሲያንሰኝ ነው።

ከትምህርት ቤቱ በር ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ሰውዬው ቆሙ።

«አንቺ አስተርጓሚ» አሉኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «ዱርዬ የሚለውን ጎበዝ ብለው የሚተረጉሙት የት አገር ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለካስ በጎልማሳነታቸው ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሠራተኛ ያለበት ትልቅ የቡና እርሻ ላይ ለዓመታት ካቦ፣ የሠራተኞች አለቃ፣ ነበሩ። እናቴ እስከዚያ አምቃ የያዘችውን ሳቅ ለቀቀችው፤ እየሳቀችም ጆሮዬን ጠመዘዘችው።

ሰውዬው ግን አልሳቁም። «ሚስቴ ክንዷን ተሰብራለች» አሉ። «የመጣሁት ልጄን ልወስዳት ነበር። ቤቱ የሴት እጅ ይፈልጋል፤ ትምህርቱም እንደ ወንድሟ ከንቱ ልፋት ነው ብዬ ነበር።» ጓደኛዬ መሬት መሬት ታያለች። «ያ ሰው የሚያወራው ለአባቷ መሆኑን አያውቅም። ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ አልተናገረም። እንግዲህ ትማር። አልወስዳትም።»

ጓደኛዬ የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

«ባዶ እጄን ግን አልመለስም» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጄ ነኝ ብለሽ በመንግሥት ቢሮ መስክረሻል። የሴሚስተሩ እረፍት ስንት ቀን ነው?»

«ሁሉንም ቀን ይውሰዷት!» አለች እናቴ፣ የወለደችኝ።

እናም እረፍቱን ሙሉ ጌሻ ወረዳ፣ እነሱ ቤት፣ እንሰት ስፍቅ ከረምኩ። እንሰት መፋቅ ከሒሳብ ይከብዳል። እንሰቱን ሣንቃው ላይ በእግሬ ወጥሬ በቀርከሃ ስፍቀው ውሃው ፊቴ ላይ ይረጫል፤ ክንዳቸው የታሰረው ሴትዮ ደግሞ ከጎኔ ተቀምጠው «ገና ነው፣ ገና ነው» ይሉኛል። ጓደኛዬ የእኔ አልጋ ላይ ተጋድማ የሁለተኛውን ሴሚስተር መጽሐፍ ታነባለች።

ስሄድ የሁለታችንንም የመመዝገቢያ ቅጽ ይዤ ነበር፤ የእሷን ለማስፈረም፣ የእኔን ደግሞ ደብተሬ ውስጥ ረስቼው። ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ሰውዬው እስክሪብቶ ፈልገው የልጃቸውን ፈረሙ።

«ያንቺስ?» አሉኝ።

«እናቴ ትፈርማለች።»

«ቢሮው የሚያውቀው እኔን ነው። አምጪው።»

አመጣሁት። ቅጹ ላይ «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ» ይላል። «ወይም የአሳዳጊ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙትና ፈረሙ። ለራሴም ሳይታወቀኝ፣ እንሰት በለወሰው እጄ አፍንጫዬን እየጠረግኩ መነፋረቅ ጀመርኩ።

«አልቅሺ፣ አልቅሺ» አሉኝ ቅጹን አጣጥፈው እየሰጡኝ፤ «ግን ጓሮ ገና ሁለት እንሰት ቆሟል።»