የሲስተር ቫዮሊኒስቶች

ሲስተር ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነበረች። በዕድሜዋ ቫዮሊን ነክታ አታውቅም። መኝታ ቤቷ ግን ስለ ቫዮሊን ተጫዋቾች በተጻፉ መጻሕፍት ከወለል እስከ ጣሪያ ተሞልቷል፤ ያውም የትም በማይገኙ። አንዱ የተጫዋቾችን እጅ ብቻ የሚያሳይ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ነው፤ ፊት የሚባል ነገር የለውም። ሌላው ባቡር ላይ ካልሆነ አልጫወትም ስላለ ሰውዬ ያወራል። ከሁሉም የምትወደው አንዲት ቤት አከራይ የጻፈችው ነው፤ ቫዮሊኒስት ተከራይዋ እንዴት እንቅልፍ እንደነሳት ምሬቷን ያፈሰሰችበት።

ነገሩ የጀመረው ሥራ ላይ ነው። ሚስቱ ምጥ የጠናባት አንድ ሰው ግራ ቢገባው ከኮሪደሩ ቆሞ ቫዮሊን መጫወት ጀመረ። ዘበኛው እስኪያስወጣው ድረስ የሚያምጡት ሁሉ ጸጥ አሉ። ሲስተር "እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ፍጥረት ናቸው?" ብላ አንድ መጽሐፍ ገዛች፤ ከዚያ ማን ያቁማት!

በያጅ የሆነው ታናሽ ወንድሟ፣ "እትዬ፣ ወይ ቫዮሊን ግዢና አስለቅሺን፣ ወይ መጻሕፍቱን ሽጪና አሳርፊን" እያለ ይቀልድባታል።

ግራ ዐይኗን የዐይን ግፊት ከወሰደባት ቆይቷል። በኋላ ቀኙንም ሞራ ጋረደው፤ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሱባት ጀመር። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አላት።

"ሲስተር፣ ለእርስዎ አልደብቅም። ያለዎት አንድ ዐይን ነው።"

"ለዚያ አይደል የምፈራው፣ ዶክተር።"

ሕክምናውን ማወቋ ፍርሃቷን አባሰው። ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ ታውቃለች፤ ከማንበብ ውጭ ደግሞ ሌላ ዓለም የላትም።

ቀዶ ጥገናው አለቀና ዐይኗ ታሸገ። ወንድሟ ምሳ ይዞ መጣ። ያቺን የቤት አከራይዋን መጽሐፍ አስመጥታው ነበርና አንብብልኝ አለችው። እየተደነቃቀፈ ማንበብ ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ብቻውን ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

"ምነው ዝም አልክ?"

"ቆይ፣ ቆይ… ተከራዩ ቫዮሊኑን ይዞ ሊታጠብ ገባ!"

"አውቃለሁ! ጮክ ብለህ አንብበው እንጂ!"

"አከራይዋ ውኃውን ዘጋችበት እኮ፣ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ!"

"ኧረ አታስቀኝ፣ የዐይኔ ስፌት ይፈታብኛል!" አለች ሆዷን ይዛ። ፍርሃቷን ለጥቂት ጊዜ ረሳችው።

በማግስቱ ሐኪሙ ሽፋኑን አነሳላት።

"ምን ይታይዎታል?"

ሲስተር ተቁነጠነጠች። ነጭ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

"ነጭ ብቻ… ነጭ ነው፣ ዶክተር።"

"ጋዋኔ ነዋ! ቀና ይበሉ።"

ቀና ስትል ጢሙን አየች፣ መነጽሩን አየች። ከጀርባው መጽሐፉን ደረቱ ላይ አቅፎ የቆመ ወንድሟን አየች፤ የመጽሐፉን ርዕስ ትልልቅ ፊደሎች አንድ በአንድ አነበበችለት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"እያለቀስክ ነው?"

"አቧራ ገብቶብኝ ነው።"

ሐኪሙ ደቃቁን ጽሑፍ መነጽር ሲሠራላት እንደምታነበው ነግሮ ሸኛት። ደጅ ሲወጡ ሲስተር ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር፦ "መድኃኒት ቤት! ልብስ ስፌት! መኪና ማቆም ክልክል ነው!"

"እትዬ፣ ይበቃል፤ ሰው እያየን ነው" አለ ወንድሟ ክንዷን ይዞ።

"ይየን! እኔም እያየሁት ነው" አለችና ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ አለፈች።