አሥራ አንዱ ሰከንድ

አርዲስ ኦልፈርት ወደ ገበሬዎች ማኅበሩ ቢሮ የገባችው ለመጨቃጨቅ ተዘጋጅታ ነው። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። የገበሬውን ስንዴ መዝኖ ደረሰኝ የሚያትመውን ፕሮግራም ግን የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የጻፈችው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ፕሮግራሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ እስከ ዛሬ ይሠራል። በዚያ የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ የሳስካችዋን መንደር ሰው ሁሉ «የአርዲስ ፕሮግራም» ይለዋል። እሷም ስሙን ትወደዋለች፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ናት።

የጠራቻት ማሪሴል ናት፤ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ እንድትጽፍ የተቀጠረች የሠላሳ አንድ ዓመት ባለሙያ። አንድ መስመር ላይ ተጣብቃለች። መስመሩ እያንዳንዱ ደረሰኝ ከታተመ በኋላ ኮምፒውተሩ አሥራ አንድ ሰከንድ ዝም ብሎ እንዲጠብቅ ያዛል። ከበላዩ አርዲስ የጻፈችው ማስታወሻ አለ፦ «አትንኩት»።

«ለምን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» አለች ማሪሴል። «አጨዳ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። አውጥቼው የአንዱ ሚዛን ከሌላው ቢደባለቅ ገበሬዎቹ በቁሜ ይቀብሩኛል።»

አርዲስ ስክሪኑን አየች። ደግማ አየች። ምንም ትዝ አላላትም።

«የቱ ደደብ ነው ይሄን የጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እሱን መች አጣሁት፣ ልጄ!»

ውስጧ ግን ደንግጧል። «ተዪው» ብትል አዲሱም ፕሮግራም ያንን ጉድ ተሸክሞ ሊኖር ነው። «አውጪው» ብላ ብትሳሳት በአጨዳ ሰሞን የመንደሩ ሁሉ ስንዴ ሊምታታ ነው። «አላውቅም» ማለት ደግሞ ሞት መሰላት።

«ሁሉንም አትሚልኝ» አለች በመጨረሻ። «እርሳስም ስጪኝ።»

«ብናስኬደው እኮ ወዲያው እናየዋለን።»

«ምን እንደሚሠራማ ያሳይሻል። ለምን እንደሚሠራ ማን ይነግርሻል?»

አርዲስ ሥራውን የተማረችው ፕሮግራም ካርድ ላይ እየተበሳ በሚጻፍበት ዘመን ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ሬጂና ከተማ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ነበር፤ ተራ የሚደርሳትም በሳምንት አንዴ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከተረሳች ሳምንቱ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ እሷና የሥራ ባልደረቦቿ ካርዱን ከመላካቸው በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዘው ራሳቸው ማሽኑን ይሆናሉ፤ መስመር በመስመር እያነበቡ እሱ የሚያደርገውን ያደርጋሉ፣ ቁጥሩን ይጽፋሉ። አንዴ የካርዱ ሳጥን በረዶ ላይ ተገልብጦባት ስድስት መቶ ካርድ እያለቀሰች ለቅማለች። ያ ዘመን አይናፍቃትም። ትዕግሥቱን ግን ትወደው ነበር።

ያን አርብ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ማሽን ሆና ዋለች። መኪናው ሚዛን ላይ ወጣ፤ ጻፈች። የባዶ መኪናው ክብደት ተቀነሰ፤ ጻፈች። ማሪሴል መጀመሪያ በፈገግታ አየቻት፤ ኋላ ወንበሯን ስባ ቁጥር ታቀብላት ጀመር። «ደረሰኙን አትም» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ የአርዲስ እጅ ቀጥ አለ።

«ወይ ጉድ! ማተሚያው!»

«የቱ ማተሚያ?»

«የድሮው! አትሞ፣ ወረቀቱን ጎትቶ፣ ቆርጦ ወደ ቦታው እስኪመለስ አሥራ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። መጨረሱን ደግሞ ለኮምፒውተሩ አይናገርም። ካልጠበቅነው የአንዱን ስንዴ በሌላው ደረሰኝ ላይ ይደርበዋል።»

«የዛሬው ራሱ ይናገራል እኮ። ያኛው አሁን የት አለ?»

«ለብረት ቁርጥራጭ ከተሸጠ አርባ ዓመቱ።»

አርባ ዓመት ሙሉ የመንደሩ ገበሬ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሌለ ማሽን ሲጠብቅ ኖሯል። ማንም መስመሩን ያልነካው እሷን ስላከበረ ነው። አርዲስ ከልቧ አፈረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ምክንያቱን መጻፍ ሲገባኝ ትእዛዝ ብቻ ጻፍኩ።»

«እኔ ያለፈው ሳምንት የጻፍኩት እንኳ ለምን እንደሆነ ጠፍቶኛል» አለች ማሪሴል።

አርዲስ ሳቋ አመለጣት። መስመሩን በገዛ እጇ አጠፋችው። ዴልበርት የሚባል ገበሬ ካምና የተረፈውን ስንዴ ይዞ ውጭ ቆሞ ስለነበር ሚዛን ላይ እንዲወጣ ምልክት ሰጡት፤ ከኋላው የቆመውንም መኪና አስከተሉት። ሁለቱ ደረሰኞች ተከታትለው ሳይደራረቡ ወጡ፣ ቁጥሩም ልክ ነበር። ዴልበርት ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና በመስኮቱ ጮኸ።

«አርዲስ! ምነው ፈጠነ? ተበላሸ እንዴ?»

«ተሠራ! ሂድ ከዚህ፣ ተሰልፈውብሃል!»

ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ሌላስ ‹አትንኩት› ያልኩበት ቦታ አለ?»

ማሪሴል አንገቷን ደፋች። «ሠላሳ ስምንት።»

አርዲስ ቦርሳዋን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»