ከፊት ጥርሳም፣ ከኋላ ልሙጥ

ዛሬ ሰኞ ገበያ ለብስክሌቴ ጎማ ልገዛ ብገባ ሻጩ «ለአስፋልት ነው ለኮረኮንች?» አለኝ። ሳቄ መጣ።

በደርግ ጊዜ መራጩ ቀበሌ ነበር፤ ያውም በዕጣ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጎማ! እኔ ደግሞ ከደሴ ኮምቦልቻ ለሥራ በአስፋልት፣ ቢስቲማ አማቶቼ ዘንድ በኮረኮንች ነበር የምሄደው።

ለእኔ ጥርሳም ደረሰኝ፤ ለጎረቤቴ ለሙሄ ልሙጥ። የሱ ብስክሌት ተሰብሮ ስለነበር ጎማውን አዋሰኝ፤ ከኋላ ገጠምኩት።

ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት አላህንም ማርያምንም እየጠራሁ ወረድኩ።

ሻጩ ቀጠለ፦ «አባባ፣ ከፊት ጥርሳም ከኋላ ልሙጥ ይግጠሙ። ለሁለቱም መንገድ ይሆናል፤ አዲስ ፋሽን ነው።»

እዚያው ቆሜ ደወልኩ። «ሙሄ፣ ለካ ያኔ ፋሽን ላይ ነበርን!»

«ወላሂ ደስ ይላል። ጎማዬስ?»

እናንተስ ተውሳችሁ ሳትመልሱ የቀራችሁት ምንድን ነው? እዚህ ሥር ተናዘዙ፤ ሙሄ ፌስቡክ የለውም።