የወንድሜ ተራ

ቤታችን ውስጥ ሰዓት አልነበረም። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ፊሽካ ጠዋት ሲነፋ እንነሳለን፤ ማታ ሲነፋ ከውጭ እንገባለን። ከዚያ ኩበት ማስገባት፣ ጥናት፣ ራት። ከራት በፊት ማስታጠብ የእኔ ሥራ ነበር፤ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዤ በዕድሜ ቅደም ተከተል እዞራለሁ፦ አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ እህቴ። የደብረ ብርሃን ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ወንድሜ እጁን ይሰበስብና፣ "አንቺ፣ ከበረዶ ላይ ነው የቀዳሽው?" ይለኝ ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና በተወሰደ ማግስት፣ ከእናቴ በቀጥታ ወደ እህቴ አለፍኩ።

"የወንድምሽስ?" አለች እናቴ።

"የለማ።"

"ተራው ግን አለ። አፍስሺለት።"

ሳፋውን በባዶው ቦታ ይዤ ትንሽ ውሃ አፈሰስኩ።

"ሳሙናስ አንሰጠውም?" አለች እህቴ እየሳቀች።

"ቦታውን ከዘጋንበት፣ ሲመጣ እንደ እንግዳ ነው የሚቀመጠው" አለች እናቴ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሳቀም። በየማታው አፈስስለት ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ቀበሌ ተጠርቶ ሄደ። ተመልሶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ማዕድ ቀረበ። እሱን አስታጠብኩ፣ እናቴን አስታጠብኩ። ወደ ወንድሜ ቦታ ስዞር፣

"እሱን ተይው፣ ልጄ" አለኝ።

"ለምን ትተወዋለች?" አለች እናቴ።

"ውሃው እንዳያልቅ ብዬ ነው።"

ማንቆርቆሪያው ሙሉ ነበር። እናቴ ማንቆርቆሪያውን አየች፣ አባቴን አየች። እርጥብ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ራት በላን።

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። እስኪነጋ የሚያውቅ ሰው እንደማያውቅ ሆኖ ያድራል። ሽማግሌዎቹ በራችንን ሲያንኳኩ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ሴቶቹ ሲጮኹ እኔ አላለቀስኩም። ፊሽካው ሲነፋ ሰማሁ፤ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናቴ ራት አቀረበችና፣ "አስታጥቢ" አለችኝ። አባቴን አስታጠብኩ። እናቴን አስታጠብኩ። ከዚያ እህቴ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

እጇን አልዘረጋችም። ተራዋ ገና መስሏት ነበር።