ከዓረፍተ ነገሬ የተቆረጠው ግማሽ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ መሃል ላይ ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት አሉ። ዳሌያቸው በብረት ከተቀየረ በኋላ ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ መራመድ ያለማመድኳቸው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሌላው ታካሚ መቼ ሥራ እገባለሁ፣ መቼ ምርኩዙን እጥላለሁ ይለኛል። የእሳቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ግንባሬን መሬት የማስነካው መቼ ነው?»

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ወንበር ላይ ሆነው ነበር የሚሰግዱት። ለታመመ ይፈቀዳል፤ መስጊድም ቅር ያለው ሰው የለም። እሳቸው ግን አልዋጥላቸው አለ። «እንደ ሹም ተኮፍሼ አላህን ልለምን?» ይሉኛል። እኔም «ትንሽ ይታገሡ አባባ፣ ጊዜው ሲደርስ እኔ ራሴ አሳይዎታለሁ» እላቸዋለሁ።

ይህን የምለው እንዲሁ ለማጽናናት አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሆስፒታላችን ለታካሚዎች የሚሰጠው ምክር በሙሉ ከውጭ ጥናቶች የተቀዳ ነበር፤ ዝቅ ያለ ነገር ላይ አትቀመጡ፣ አትንበርከኩ፣ አታጎንብሱ። የጻፉት ሰዎች ሶፋ ላይ የሚውሉ፣ ሽንት ቤታቸውም መቀመጫ ያለው ናቸው። የእኛ ሰፈር ሰው ዱካ ላይ ይቀመጣል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ገብቶ ይሰግዳል። ስለዚህ ደብተሬን ይዤ ከላምበረት እስከ እንጦጦ ግርጌ የታካሚዎቼን ቤት ዞርኩ። ስንት ውሻ አባረረኝ፣ ስንቱ ቤት ሳትበዪ አትወጪም አለኝ። ያገኘሁት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ሰውየው በቂ ጊዜ ታግሦ፣ የተቀየረውን እግር ወደ ኋላ ዘርግቶ መውረድን ከባለሙያ ጋር ከተለማመደ መስገድ ይችላል፤ ሳይለማመድ በራሱ ከወረደ ግን ዳሌው ሊወልቅ ይችላል።

ይህንኑ ለሕክምና መጽሔት ጽሑፍ አድርጌ ሳዘጋጅ ፈራሁ። ዶክተር አይደለሁ፣ ፕሮፌሰር አይደለሁ፤ «ማን ነሽና?» ቢሉኝስ? እንደ አባት የማያቸው አንድ አስተማሪ ነበሩኝ፣ የታወቁ የአጥንት ቀዶ ሐኪም። ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጫፍ ላይ የእሳቸውን የቆየ ጥናት ማጣቀሻ አድርጌ አስቀመጥኩ። ጥናታቸው ስለ ብረቱና ስለ ቁስሉ እንጂ ስለ ስግደት አንዲት ቃል የለውም። ለአክብሮት ነው ያደረግኩት። እጅ ማስታጠብ ከትልቅ ሰው እንደሚጀመር ሁሉ፣ እኛ ዘንድ ጀማሪ ሲጽፍ ታላላቆቹን ሳይጠራ አያልፍም። ረቂቁን ሳሳያቸው እዚያ ገጽ ላይ ቆም አሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «ጨዋ ልጅ ነሽ» አሉኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እንዴት ያለሁ ጅል ነበርኩ!

ጽሑፉ ታትሞ ወጣ፤ ከዓመታት በኋላ አባባን እያለማመድኩ ሳለ ወለድኩና የወሊድ ፈቃድ ወጣሁ። በተመለስኩ ሰሞን አንድ ከሰዓት ድንገተኛ ክፍል ስገባ አባባን አልጋ ላይ አገኘኋቸው። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን ሊሰግዱ ወደ መሬት ሲወርዱ ግንባራቸው ሳይደርስ ዳሌያቸው ወልቋል። በማደንዘዣ መልሰውላቸው ተኝተው ነበር። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። እኔ በሌለሁበት ጊዜ ሆስፒታሉ ለታካሚዎች ማደል የጀመረው የምክር ወረቀት ነው። «የዳሌ መገጣጠሚያ የተቀየረላቸው ታካሚዎች መስገድ ይችላሉ» ይላል። በቃ፣ አራት ነጥብ። ከግርጌው የአስተማሪዬ አዲስ ጥናት ተጠቅሷል።

ወደ ቤቴ፣ ወደ የካ አባዶ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ስልኬን ከፍቼ ማጣቀሻዎቹን መከተል ጀመርኩ። አዲሱ ጥናት «ቀደም ሲል እንዳሳየነው» ብሎ የድሮውን ይጠቅሳል። ሌሎችን ፈለግኩ። አገራችንን በካርታ እንኳ የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ስግደትን ባነሱ ቁጥር ያንኑ የድሮ ጥናት ይጠቅሳሉ። አንዱ ከአንዱ ቀድቷል፤ ከፍቶ ያነበበ የለም። ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ስሄድ በመጀመሪያ የጠቀሰው ማን ሆኖ ተገኘ? እኔ። ማስጠንቀቂያው ያለበትን የእኔን ጽሑፍ ያነሳ ግን አንድም የለም። ዓረፍተ ነገሬን ወስደው እኔ ራሴ በጠቆምኩት ስም ጽፈውታል። የሌሎቹ ባለማወቅ ነው፣ አልፈዋለሁ። እሳቸው ግን ያውቃሉ። ያ ሐሳብ የማን እንደሆነ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር። ረዳቱ «መጨረሻ!» ብሎ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ አስተማሪዬ ቢሮ ገባሁ።

«ዶክተር፣ ይህ ነገር የእርስዎ ግኝት ነው?»

ወረቀቱን አይተው ፈገግ አሉ። «አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ የጠቀስሽኝ? ምነው፣ ውሸት ጽፋለች ልበል?»

በገዛ እጄ ጠቅሻቸዋለሁ።

«እሺ፣ ይሁን» አልኩ። «ተለማምዶ የሚለው ግማሹስ የት ሄደ?»

«መጽሔቱ የቃላት ገደብ አለው። ማሳጠር ነበረብኝ።»

«ሰው ዳሌው ወልቆ ተኝቷል እኮ!»

«ዳሌ ይወልቃል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ ጋር አታያይዢው።» ከዚያ ድምፃቸውን አለዘቡ። «የሚቀጥለው ጥናት ላይ ስምሽን አስገባልሻለሁ፣ አይዞሽ።»

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ስም ልትለምን መጣች ብለው ነው የገመቱኝ። ይበልጥ ያበገነኝ ደግሞ ግማሽ ልቤ ለዚያም መምጣቱ ነው። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ወጣሁ። ወረቀቱ እንዲሰበሰብ ለኃላፊዎቹ ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ ሲዘገይብኝ ከየክፍሉ መደርደሪያ ለቅሜ የራሴ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ጠያቂ እስካሁን አልመጣም።

አባባ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ልጠይቃቸው ወደ ሱቃቸው ወጣሁ። ከስተዋል፤ ፊታቸው ግን ቂም የለውም።

«ሐኪሞቹ ምን ያድርጉ፣ እኔ ነኝ የቸኮልኩት» አሉ።

«አልቸኮሉም። ወረቀቱ ነው የተሳሳተው፣ ግማሹ ጎድሎበታል።»

«ማነው የጻፈው?»

የአስተማሪዬን ስም ልጠራ ነበር። ከግርጌው ተጽፏል፤ ብጠራውም ውሸት አይሆንብኝም። ግን ያን ስም እዚያ ቦታ መጀመሪያ ያኖርኩት እኔ ነኝ።

«ነገሩ የእኔ ነው» አልኩ። ያ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ በየቤቱ መዞሬን፣ ማጣቀሻውን፣ የተቆረጠውን ግማሽ፣ የቢሮውን ወሬ። እንዲያዝኑልኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ ክህደቱን ደጋግሜ አወራሁ።

አላዘኑልኝም። ሳሙና ልትገዛ የመጣች ሴት አስተናግደው እስክትሄድ ጠበቁ።

«እሳቸው እንዳላሉት እያወቅሽ ነው እሳቸው አሉ ብለሽ የጻፍሽው?»

«ለአክብሮት ነው አባባ።»

«እሳቸውን አከበርሽ» አሉ። «እኔንስ?»