በማዕረግ የተቀዳ ውሃ

ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ ክረምት ከጉና ግርጌ ያለችው መንደራችን በናዳ ፈረሰች፤ ምንጫችንም አፈር ሥር ቀረ። የተረፍነው ሁሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰፈርን። ያኔ አመሻሽ ላይ በአንደኛው ክፍል ኩበት ይነድ ነበር፤ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፣ የፋኖሷ ብርሃን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይርገበገባል፣ እኛ ልጆችም አያ ደምሴን ከብበን ተረት እንሰማለን። አያ ደምሴ የእናቴ አጎት ናቸው። ዛሬም «እርሳቸው» የምላቸው ከልማድ ነው እንጂ ከአክብሮት አይደለም።

ተረት ማውራቱንስ ያውቁበታል። በድርቅ ዘመን አንበሳ ምንጩን ይዞ አራዊቱን በማዕረግ ያጠጣል፤ ሚዳቋ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ጭቃ ብቻ ይጠብቃታል፤ ግልገሏም በጥም ትሞታለች። እዚህ ላይ ድምፃቸው ይሰበርና እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ክፍሉ ሁሉ ከንፈሩን ይመጣል።

በየሁለት ቀኑ ከደብረ ታቦር ቦቴ እየመጣ ግቢው ውስጥ የቆመውን ጥቁር ሮቶ ይሞላልናል። ውሃው መድኃኒት መድኃኒት ቢሸትም ንጹህ ነው። ወንዙ የከብት ሬሳ ስለገባበት እንዳትጠጡ ተብለናል። ውሃውን ያመጣችው ባለሙያ «መጀመሪያ ሕፃን ላላቸው» ብላ የቧንቧውን ቁልፍ ለአያ ደምሴ ሰጥታ ሄደች። እርሳቸው የሚያውቁት ሥርዓት ግን አንድ ብቻ ነው፤ የድግስ ሥርዓት። ካህናቱ ከላይ፣ ቀጥሎ ሽማግሌው፣ ቀጥሎ የሽማግሌው ዘመድ። ሰው ዳስ ውስጥ በሚቀመጥበት ቅደም ተከተል ጄሪካኑን ደረደሩት፣ ውሃ ሳይሆን ጠላ የሚቀዳ ይመስል። ሸክላ ሠሪዋ ጥሩዬ መጨረሻ ናት። መንደሩ ዕድሜ ልኩን በእሷ እንስራ ውሃ ሲቀዳ ኖሮ እሷን ግን ዓይኗን ፈርቶ ከጓዳው አያስገባትም። እሷ ጋ ሲደርስ ሮቶው ባዶ ይሆናል። ያፈረ ሰው አላየሁም።

አንድ ምሽት ያው ተረት እንዳለቀ ጥሩዬ ከበሩ ሥር ተናገረች። የስድስት ዓመት ልጇን ታቅፋለች።

«አያ ደምሴ፣ ግልገሏ አሳዘነችዎ?»

«አንጀቴን ትበላዋለች እንጂ!»

«እንግዲያው ነገ ለኔም ልጅ ይዘኑለት። የወንዙን እያጠጣሁት ተቅማጡ አልቆምለት አለ።»

«ተራሽን ጠብቂ፣ ጥሩዬ። ሥርዓት ካልተያዘ መንደር ይፈርሳል።»

መንደሩ እኮ ፈርሷል! ትምህርት ቤት ወለል ላይ የተኛነው ለምን ሆነና? ግን ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ አዎን አለ።

በማግስቱ የአያ ደምሴ ዘመድ ነኝና ጄሪካኔ ቶሎ ሞላ። ጥሩዬ ጠጋ ብላ «የኔ ልጅ፣ አንዲት ጣሳ ብቻ» አለችኝ። አያ ደምሴን አየኋቸው፤ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ጀርባዬን ሰጠኋት። ከዚያ ክፍላችን በር ላይ ደርሼ የኮንጎ ጫማዬን ጭቃ በዚያ ውሃ አጠብኩ። ሰው መናቅ የጀመርኩት ያን ቀን ከራሴ ነው።

ከሰዓት በኋላ የልጁ ዓይን ጎድጉዶ ገባ። ያኔ ጣሳ ውሃ የነፈጉት ወንዶች ሁሉ ቃሬዛ ሠርተው፣ ትከሻ እየተሻሙ ወደ ደብረ ታቦር ሮጡ። አያ ደምሴም ጋቢያቸውን ታጥቀው ከፊት ያዙ። መኪና መንገዱ ጋ ሳይደርሱ ተመለሱ።

ዛሬ ሥራዬ ውሃ ነው፤ ናዳና ጎርፍ ባለበት ቦቴ ይዤ እሄዳለሁ። ቁልፍ ለሽማግሌ አልሰጥም። ጄሪካኑን ከኋላ ነው የማስጀምረው፤ ሥርዓት የማታውቅ ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ከንፈር የሚመጥ ሰው ሳይ ይዘገንነኛል፤ ለሚዳቋ ማልቀስ ማንንም ከፊት ወንበር አያስነሳምና።

ከሁሉ ያልለቀቀኝ ግን የጥሩዬ ልጅ ለቅሶ ነው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ሁሉም ከቀዳው ንጹህ ውሃ እየያዘ መጣ፤ የእናቴን ጄሪካን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ጥሩዬ ዙሪያዋን የተደረደረውን ውሃ አየች፤ ቀጥላ እኛን አየችን።

«ይሄን አሁን ማን ሊጠጣልኝ አመጣችሁት?» አለች።