የአያ ገብሬ ማሳ ከሰማይ ሲታይ

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው በኢሜይል ፈቃድ ጠየቀኝ። የበረራ ሲሙሌተር የሚወድ ሰው ነው፤ ያ ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የሚያበሩበት ጨዋታ ማለቴ ነው። ለአዲሱ ጨዋታ የዋግን ምድር ሊሠራ ሲፈልግ እኔና ጓደኛዬ በልጅነታችን የሠራነውን ሥዕል አገኘ። «የማከፋፍለው በነፃ ነው፤ ቢሆንም ሥራው የእናንተ ስለሆነ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ብቻዬን ሳቅሁ። ይህችን የማስፈቀድ ነገር ለመማር ያየነውን አበሳ የማውቀው እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሰቆጣ ገበያው ዳር፣ የጓደኛዬ የዘምዘም አባት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነበራቸው፤ እኔ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ዘምዘም ኮፒ ታደርጋለች። ዘምዘም አውሮፕላን በቅርብ አይታ ባታውቅም በሱቁ ኮምፒውተር ላይ በጫነችው ጨዋታ መነሳትና ማረፍ ተክናበት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያናድዳታል። ወደኛ አገር ስትበር ከታች ያለው ሁሉ ባዶ ቡናማ ነው። ሰቆጣም የለችም፣ ደሃናም የለም።

«ሰው የማይኖርበት አስመሰሉን እኮ!» ትላለች።

ስለዚህ ራሳችን ልንሠራው ተነሳን። ኢንተርኔት ላይ ካለ ካርታ ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ ቁራጭ በቁራጭ እየገለበጥን ገጣጠምነው። የመረጥነው ከአምደወርቅ ወዲያ ያለውን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ገብሬ የሚኖሩበትን መንደር ነው። መብራት ሲመጣ እየሠራን፣ ሲሄድ እየተራገምን ክረምቱ አለፈ። ሲያልቅ እንዲህ ያሉ ሥራዎች በነፃ ወደሚታደሉበት ድረ ገጽ ላክነው። መልሱ አልዘገየም፤ «ሥራችሁ ያምራል፤ ግን ፎቶው የማን ነው? የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ካልላካችሁ አናወጣውም» ይላል።

እኛ ምንም ግር አላለንም። በዚያው ዓመት አንድ ፎቶ ቤት የአንዲት ሙሽራን ፎቶ ሳያስፈቅድ መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ቤተሰቦቿ ተቆጥተው ነበር። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፎቶው የተነሺዋ ነው ብለው ፈረዱ፤ አንሺው ይቅርታ ጠይቆ አወረደው። ታዲያ እዚህ የተነሳው ማን ነው? መንደሩ። ፈቃድ የሚሰጠውም መንደርተኛው ነዋ!

ጥቅምት ላይ በሚኒባስ አምደወርቅ ሄድን፤ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ የጠዋቱ ውርጭ ጣት ያደነዝዛል። የዘምዘም እናት በማር ለውሰው ያስያዙንን የበሶ ጭብጦ እየገመጥን ዳገቱን ወጣን። የዚያን በሶ ጣዕም ዛሬም ስፈልገው አላገኘውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያተምነውን ፎቶ ቁርበት ላይ ዘረጋነው። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ቤቱን ይፈልግ ጀመር። አያ ገብሬ የራሳቸውን ሲያገኙ ጣታቸውን ከላዩ አላነሱም።

«ይቺ ቤቴ ናት?»

«አዎ አያ፣ የእርስዎ ናት።»

«ዓለም ሁሉ ያያታል በይኛ!»

«ከፈቀዱልን ያያታል። ቃሌ ነው።»

የፈቃድ ውል ጻፍኩ። አሥራ አንድ አባወራ በሰማያዊ ቀለም አውራ ጣቱን አሳረፈበት፣ ሦስት ምስክሮች ፈረሙ። ከትርጉሙ ጋር ላክነው።

«እንዲህ ደስ የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም» ብሎ መለሰ የድረ ገጹ ሰው። «ግን መሬቱ የገበሬዎቹ ቢሆንም የፎቶው ባለቤት ያነሳው ድርጅት ነው። እንድታዩት ፈቅዷል፤ ገልብጣችሁ እንድታድሉት አልፈቀደም። በነፃም ቢሆን።»

ዘምዘም ጠረጴዛውን መታች። «በነፃ የሚሰጥ ሰውም ሌባ ይባላል እንዴ?»

እኔ ግን አፈርኩ። የሰው ዕቃ ወስጄ ሌላ ሰው ነበር ያስፈረምኩት። ከሁሉ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ደግሞ ለአያ ገብሬ የሰጠሁት ቃል ነው። ኅዳር ላይ ልንነግራቸው ስንሄድ አጨዳ ላይ አገኘናቸው።

«ያ ድርጅት ከሰማይ ሆኖ ሲያነሳን እኛን አስፈቅዷል?» አሉ።

«አላስፈቀደም።»

«እኛ ግን እሱን እናስፈቅድ?»

«አዎ አያ።»

በኽምጣኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ማጭዳቸውን አስቀመጡ። «በሉ የሱን ለሱ ተዉለት። ዓይናችሁ የራሳችሁ አይደለም? አፋፉ ላይ እንውጣና ሣሉት።»

ሣልነው። ከመንደሩ በላይ አፋፉ ላይ ተቀምጠን፣ አያ ገብሬ በዱላቸው እየጠቆሙ፣ የየማሳውን ቀለም፣ አውድማውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች፣ ወደ ምንጩ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ወረቀት ላይ አሰፈርን። ከዚያ ሱቅ ገብተን በኮምፒውተር ቀለም ቀባነው። እስከ ፋሲካ ፈጀብን። እውነቱን ለመናገር፣ አያ «ሰፋ አድርጊው፣ ሰፋ» እያሉ ማሳቸውን ከልኩ በላይ እንዳሰፋው ወተወቱኝ፤ እኔም ጎረቤታቸው ሲያይ የሚለውን እየፈራሁ አሰፋሁት።

ድረ ገጹ ተቀበለን። የሠራችሁት እናንተ ናችሁና ፈቃድ ሰጪዎቹም እናንተ ናችሁ አለን። ከሥሩ የአሥራ አንዱን ሰው ስም ጻፍንና፣ በነፃ ውሰዱት፣ ለሌላ ሥራ ስታውሉት ግን አስቀድማችሁ ጠይቁን ብለን አከልንበት። አያ ገብሬ ለገበያ ሲመጡ ዘምዘም በመንደራቸው ላይ አበረረችላቸው። «ዝቅ በይ፣ ደጄን ልየው» አሏት። ዝቅ ብላ አውሮፕላኑን አውድማው ላይ ከሰከሰችው። እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

አሁን ዘምዘም የአባቷን ሱቅ ይዛለች። ስለ ሰውዬው ስነግራት «አያን ሳትጠይቂ እንዳትመልሺ» አለችኝ። አያ ገብሬ አርጅተዋል፤ ስልኩን የልጅ ልጃቸው ጆሯቸው ላይ ትይዝላቸዋለች።

«ማነው የጠየቀ?»

«የሩቅ አገር ሰው ነው። አያውቀንም።»

«ሳይወስድ ጠየቀ?»

«አዎ አያ፣ ሳይወስድ።»

«እንግዲያ ይውሰድ። ቤቴ ግን ቆርቆሮ ለብሷል፣ የሣሩን ክዳን ያንሳልኝ በይው። ማሳዬን እንዳይነካ!»

ያኔ ያ ሕግ በር የዘጋብን መስሎኝ አዝኜበት ነበር። ዛሬ ግን ከስንት አገር ማዶ ያለ ሰው የአያ ገብሬን ደጅ እንዲጠና ያደረገው እሱ ነው። ይህን ሳስብ ደስ አለኝና መልሱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ስለ ቆርቆሮው ነገርኩት። ስለ ማሳው ደግሞ «ስፋቱ እንዳለ ይቆይ ብለዋል ባለቤቱ» ብዬ ጨረስኩ።